ቶሚ ዳግላስ፦ ስለ «የካናዳ ህክምና አባት» የሚወራውና እውነታው

ካናዳ የኖረ ሐበሻ ሄልዝ ካርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ክሊኒክ ገብተህ ካርዱን ታሳያለህ፣ ትታከማለህ፣ ሒሳብ የሚል ሰው የለም። ይህ ነገር ከየት መጣ ብሎ ለጠየቀ የሚነገረው አንድ ስም ነው፤ ቶሚ ዳግላስ። የሳስካችዋን ግዛት ፕሪሚየር፣ ማለትም የግዛቲቱ መንግሥት መሪ ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የጤና ሚኒስትርነቱንም ራሳቸው ደርበው ይዘውታል። በ2004 የካናዳው ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲቢሲ ባካሄደው የሕዝብ ድምፅ «ታላቁ ካናዳዊ» ተብለዋል። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በታላቅነታቸው ላይ ክርክር የለኝም። ግን ስማቸው ሲገን ወሬውም አብሮ ገነነ። አንዳንዱ ወሬ ደግሞ የሌሎችን ሰዎች ድካም ይውጣል።

«የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ»

አልነበሩም። ከ1944 እስከ 1961 የመሩት አንዲት ግዛት ነው፤ ያኔ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ያልሞላ፣ በስንዴ የምትተዳደር ሳስካችዋንን። ከዚያ በኋላ ኤንዲፒ የተባለውን ፓርቲ ለአሥር ዓመት መርተዋል። ፓርቲው ግን ኦታዋ ላይ መንግሥት መሥርቶ አያውቅም። ነገሩ ሁሉ ከግዛት የተጀመረው በአጋጣሚ አይደለም። በካናዳ ሕገ መንግሥት ሆስፒታል የግዛት ጉዳይ ነው።

«ሐሳቡን ከእንግሊዝ ቀዱት»

ስኮትላንድ፣ ፎልከርክ ስለተወለዱ ይህ ለማመን ይቀላል። ዘመኑ ግን አይገጥምም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ የጀመረው በሐምሌ 1948 ነው። የሳስካችዋን የሆስፒታል መድን ደግሞ ጥር 1 ቀን 1947 ሥራ ላይ ውሏል። ክፍያው በዓመት ለአንድ ሰው 5 ዶላር ነበር፤ ለቤተሰብ ቢበዛ 30 ዶላር። ይህን የከፈለ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ሌላ ሒሳብ አይመጣበትም።

ሐሳቡ ከሁለት ቦታ ነው የመጣው። አንደኛው ከራሳቸው እግር። በልጅነታቸው ጉልበታቸው ተጎዳና አጥንቱ አመረቀዘ። ቤተሰቡ የካናዳዋ ማኒቶባ ግዛት ከተማ ዊኒፔግ ከገባ በኋላ ህመሙ ጠና፤ ለስፔሻሊስት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ እግሩ ሊቆረጥ ሆነ። አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ግን ልጁን አይቶ «ተማሪዎቼ እያዩ እንዲማሩበት ከፈቀዳችሁ በነፃ እሠራዋለሁ» አለ። እግሩ ተረፈ። ልጁም አድጎ የማኒቶባ የቀላል ክብደት የቦክስ ሻምፒዮን ሆነ። ዳግላስ ይህን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩ የሚያነሱት የሐኪሙን ደግነት ብቻ አልነበረም። የሕፃን እግር በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ መንጠልጠሉ ትክክል አይደለም ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ ገበሬው ነው። የሳስካችዋን የገጠር ወረዳዎች ከ1910ዎቹ ጀምሮ ከግብር ገንዘብ ሐኪም በደመወዝ ይቀጥሩ ነበር። ዳግላስ ሥልጣን ሲይዙ ሕዝቡ ነገሩን ለምዶታል።

«ሜዲኬርን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው።

ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነውን መድን አስጀምረዋል። የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነውን፣ ማለትም ዛሬ ሜዲኬር የምንለውን ነገር፣ ሐሳቡን በታኅሣሥ 1959 በሬዲዮ ለሕዝብ አስታወቁ። በ1960 ምርጫም በዚያው ጉዳይ ተከራክረው አሸነፉ። ይህ የእሳቸው ነው። ነገር ግን በነሐሴ 1961 የኤንዲፒ የመጀመሪያ መሪ ሆነው ተመረጡ፣ በኅዳርም የፕሪሚየርነቱን ወንበር ለቀቁ። ሕጉ የጸደቀው እሳቸው ከለቀቁ በኋላ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1962።

እሳቱን የጨበጡት ዉድሮ ሎይድ የሚባሉ ሰው ናቸው። የቀድሞ አስተማሪ፣ ገና በሰላሳ ዓመታቸው የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል በዚያው ወንበር የቆዩ፣ እንደ ዳግላስ ቀልድና ንግግር የማይሆንላቸው ሰው። ሕጉ በጀመረበት ቀን አብዛኞቹ የግዛቲቱ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። አድማው 23 ቀን ፈጀ። ሐኪም ያጣው ሰው ተደናገጠ። «ሐኪሞቻችንን አትንኩ» የሚሉ ኮሚቴዎች በየከተማው ተቋቋሙ። ሎይድ ግን አልተነቃነቁም፤ ከእንግሊዝ ጭምር ሐኪሞች አስመጡ። ሐምሌ 11 ቀን በግዛቲቱ ዋና ከተማ ሬጃይና በምክር ቤቱ ደጅ በተጠራው ሰልፍ ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የወጣው ጥቂት ሺህ ብቻ ሆነ። አድማው ከዚያ በኋላ ላላ። ሎርድ ስቲቨን ቴይለር የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም አደራድረው ሐምሌ 23 ቀን ሳስካቱን ላይ ስምምነቱ ተፈረመ።

ሎይድ ምን አተረፉ? በ1964 ምርጫውን ተሸነፉ። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ባልደረባ ሆነው ኮሪያ ሄዱ፤ በ1972 ሴኡል ውስጥ አረፉ። ዛሬ ከሳስካችዋን ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ብትፈልጉ ቀኑ ይመሽባችኋል።

«ሕዝቡ እልል ብሎ ተቀበላቸው»

ከላይ የተባለውን ያነበበ መልሱን ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዳግላስ ራሳቸው በሰኔ 1962 የፌዴራል ምርጫ በሬጃይና ተወዳድረው ወደቁ። አድማው ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። በገዛ ግዛታቸው ዋና ከተማ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ከመሩት ሕዝብ መሀል። ፓርላማ የገቡት በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ፣ ያውም ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ነው።

«ሐኪሞቹን የመንግሥት ሠራተኛ አደረጉ»

በጭራሽ። የሳስካቱኑ ስምምነት ሐኪሙ የራሱ ክሊኒክ ባለቤት ሆኖ እንዲቀጥል ፈቀደ። ለሠራው ሥራ ሒሳቡን ይልካል፣ የመንግሥት መድን ይከፍለዋል። ዛሬም አብዛኞቹ የካናዳ የቤተሰብ ሐኪሞች የሚሠሩት በግላቸው ነው። ታካሚው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም እንጂ።

«ሶሻሊስት ስለነበሩ ገንዘብ በተኑ»

የኤንዲፒ ቀዳሚ የነበረው ፓርቲያቸው ሲሲኤፍ ሶሻሊስት ነኝ ባይ ነበር፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በግዛት ደረጃ መንግሥት የመሠረተ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ፓርቲም እሱ ነው። ዳግላስ ግን በዕዳ ላይ ጨካኝ ነበሩ። የግምጃ ቤት ሚኒስትራቸው ክላረንስ ፋይንስ በጀቱን በየዓመቱ ሚዛኑን ጠብቀው ያቀርቡ ነበር። ለባንክ ወለድ የሚከፍል መንግሥት በራሱ ቤት አያዝም የሚል እምነት ነበራቸው። ገጠሩ መብራት ያገኘው፣ የመንግሥት የመኪና መድን የተቋቋመው በዚሁ ዘመን ነው።

ያልተሳካላቸውም አለ። የመንግሥት የጫማ ፋብሪካና የሱፍ ፋብሪካ ከፍተው ከስረው ዘጉ። ይህን አድናቂዎቻቸው እምብዛም አያነሱትም።

የሜዲኬርም ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1957 የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ የሆስፒታል መድንን ግማሽ ወጪ ለመሸፈን ተስማማ። ሳስካችዋን ለአሥር ዓመት ብቻዋን ስትከፍል የቆየችው ገንዘብ ተረፈላት። ዳግላስ ለሐኪም ክፍያ የሚሆነውን ያገኙት ከዚያ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጠብቀው፣ ካዝናው ሲችል ብቻ ነው ቃሉን የሰጡት።

«ናዚ ነበሩ» እና «ነውር የለባቸውም»

ሁለቱም ይባላል፣ ሁለቱም ስህተት ነው። በ1933 ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ «ዝቅተኛ አእምሮ አላቸው» የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ማምከንን ደግፈዋል። አሳፋሪ ነው፤ በዘመኑ ብዙ ምሁር ይል የነበረው መሆኑም ነገሩን አያጸዳውም። በ1936 ግን ጀርመንን ጎብኝተው ባዩት ነገር ደንግጠው ተመለሱ። የጤና ሚኒስትር ሆነው የማምከን ሕግ እንዲያወጡ ሲመከሩም እምቢ አሉ። የሳስካችዋን ጎረቤት የሆነችው የአልበርታ ግዛት በ1928 ያወጣችውን እንዲህ ያለ ሕግ የሻረችው በ1972 ነው። አድናቂዎቻቸው ጽሑፉን ይዘሉታል፤ ጠላቶቻቸው ከጽሑፉ ሌላ አያወሩም።

«የአይጦቹን ተረት የፈጠሩት እሳቸው ናቸው»

አይጦች በየምርጫው ጥቁር ድመትና ነጭ ድመት እያፈራረቁ ይመርጣሉ የሚለውን ተረት ዳግላስ በየመድረኩ አውርተው አስፋፉት። መጀመሪያ ያመጣው ግን የፓርቲ ጓዳቸው፣ የቀድሞው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ክላረንስ ጊሊስ ነው።

«ለመላው ካናዳ ያዳረሱት እሳቸውና ፓርቲያቸው ናቸው»

ግፊቱ የእነሱ ነበር፣ ፊርማው ግን የሌሎች። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን ያቋቋሙት ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ዲፈንቤከር ናቸው፤ እሳቸውም የሳስካችዋን ሰው። ኮሚሽኑን የመሩት ዳኛ ኤመት ሆል ብዙዎች ሳይጠብቁ በ1964 የሳስካችዋኑን ዓይነት መንገድ ደገፉ። ሕጉን በ1966 ያወጣው የሊበራሉ ሌስተር ፒርሰን መንግሥት ነው። ፓርላማ ውስጥ ብቻውን አብላጫ አልነበረውም፤ የእነዳግላስን ድምፅ ይፈልግ ነበር። በ1972 ሁሉም ግዛቶች ገብተው አለቁ።

«ካናዳ ውስጥ ህክምና ሁሉ ነፃ ነው፤ ዳግላስ ጨርሰውታል»

ጥርስ ያስነቀለ ወይም መነጽር ያሠራ ሰው ይህን አይልም። ካርዱ የሚሸፍነው በዋናነት ሐኪምና ሆስፒታልን ነው። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት እንደየግዛቱና እንደየመሥሪያ ቤቱ መድን ይለያያል። ዳግላስ ራሳቸው ጨርሰናል ብለው አያውቁም። ገንዘብ በታካሚና በሐኪም መሀል እንዳይቆም ማድረግ የመጀመሪያው ደረጃ ነው ይሉ ነበር። ቀጣዩና ከባዱ አሠራሩን ራሱን መለወጥ፣ ሰው ሳይታመም መከላከል ነው።

የጥርሱ ጉዳይ በፌዴራል ደረጃ መልክ መያዝ የጀመረው ከሞቱ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። ያኔም ሊበራሎቹ አብላጫ አልነበራቸውም፤ ኤንዲፒ ድምፁን የሰጠው የጥርስ ህክምና መድን እንዲጀመር በሚል ስምምነት ነው። በ2024 ደግሞ የመድኃኒት መድን ሕግ ወጣ፤ ለጊዜው የሚመለከተው የስኳር በሽታንና የወሊድ መቆጣጠሪያን ብቻ ነው።