«እኔ ጋ ይሰራል» አይበቃም፦ ስለ ሜክፋይል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜክፋይል (ሜክ ለሚባለው ፕሮግራም ኮዳችንን እንዴት እንደሚገነባ የሚነግረውን ፋይል) ጽፈን ሊኑክስ ላይ ከሰራልን የትም ይሰራል ብለን እንለቀዋለን፣ ከዛ አንዱ ፍሪቢኤስዲ (ሌላ ዩኒክስ መሰል ሲስተም) ወይ ማክ ላይ ሲሞክረው ገና መጀመሪያው ላይ ይቆማል። በብዛት የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ሜክ ያው ሜክ ነው»

አይደለም። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሲሰራው አንድ ነበር፣ ዛሬ ግን ሊኑክስ ላይ ያለው ግኑ ሜክ ነው፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ያለው ቢሜክ፣ ማይክሮሶፍት ደሞ የራሱ ኤንሜክ አለው። ታርጌት (የሚሰራው ፋይል)፣ ዲፔንደንሲ (እሱ የሚሰራበት ፋይል)፣ በታብ የሚጀምር ኮማንድ ላይ ይግባባሉ፣ ኢፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቢሜክ ከፊቱ ነጥብ ይፈልጋል፣ ኤንሜክ ! ይፈልጋል፣ ግኑ ደሞ ሌላ ነው። እኔ ኢፍ የሚባለውን ነገር ጠቅላላ አውጥቼ ትንሽ የሼል (ኮማንድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ስክሪፕት ውስጥ ነው የማስገባው፣ እሱ ቫርያብሎቹን አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ሜክፋይሉ ኢንክሉድ ያደርገዋል።

«$< ሁሌም የመጀመሪያውን ዲፔንደንሲ ይሰጣል»

ይሄኛው ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ግኑ ላይ የትም ብትጽፉት ይሰራል፣ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ) ዋስትና የሚሰጠው ግን ኢንፈረንስ ሩል ውስጥ ብቻ ነው፣ ማለትም ከሲ ፋይል ወደ ኦብጀክት ፋይል እንዴት እንደሚኬድ አንዴ ለሁሉም የምትገልጹበት ሩል ላይ። እኔ ተራ ታርጌት ስር ጽፌው ሊኑክስ ላይ ስንት ጊዜ ሰርቷል፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ኮምፓይለሩ ኢንፑት ፋይል የለም አለኝ፣ ፋይሉ እኮ እዛው ፎልደር ውስጥ አለ! ፓዙን አየሁ፣ ፐርሚሽኑን አየሁ፣ በመጨረሻ ሜክ ፕሪንት ያደረገውን ኮማንድ ረጋ ብዬ ሳነበው የፋይሉ ስም መግባት ያለበት ቦታ ባዶ ነው። መፍትሄው የፋይሉን ስም በእጅ መጻፍ ነው፣ በቃ። % ያለበት ፓተርን ሩልም የግኑ ነገር ነው፣ የድሮው ሰፊክስ ሩል (በፋይል ስም ቅጥያ የሚጻፈው) ግን ግኑም ላይ ቢሜክም ላይ ይሰራል።

«የግኑን ሼል ፈንክሽን በ != ከተካሁት ጨረስኩ»

ሁለቱም የኮማንድን ውጤት ቫርያብል ውስጥ ያስገባሉ፣ ስለዚ ግማሹ እውነት ነው። !=ን ቢሜክ ያውቀዋል፣ ግኑ በ2013 ከወጣው 4.0 ጀምሮ ያውቀዋል፣ ፖዚክስም በ2024 እትሙ አስገብቶታል። ግን አፕል ማክ ላይ የሚሰጠው ግኑ ሜክ 3.81 ነው፣ የ2006 ቨርዥን፣ እሱ ደሞ != የሚባል ነገር አያውቅም።

«ሲዲ ካልኩ ቀጣዩ መስመር እዛ ፎልደር ውስጥ ነው»

ሲዲ ፎልደር መቀየሪያ ኮማንድ ነው፣ ግን ኖርማሉ እያንዳንዱ መስመር በራሱ ሼል ነው የሚሄደው፣ ስለዚ ሁለተኛው መስመር ተመልሶ የድሮው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። የሚገርመው ቢሜክን ማይነስ ጄ ብላችሁ በፓራለል ስታስኬዱት የአንድ ታርጌት መስመሮች በሙሉ አንድ ሼል ውስጥ ይሄዳሉ፣ ያው ሜክፋይል በሁለት ሞድ ሁለት አይነት ነገር ይሰራል ማለት ነው፣ ቀጥሎ ያለው ኮማንድ ፋይል የሚያጠፋ ከሆነ ደሞ አስቡት። ሲዲውን ከቀጣዩ ኮማንድ ጋ በ && አያይዙትና ሁሉንም ቅንፍ ውስጥ አስገቡት።

«ሼሉ ባሽ ነው»

ደቢያንና ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ እንኳ ሜክ የሚጠራው ሼል ዳሽ (ቀለል ያለ ሌላ ሼል) ነው፣ የባሽን የኮንዲሽን አጻጻፍ [[ ]] አይገባውም።

«አናቱ ላይ .ፖዚክስ ብዬ ከጻፍኩ ፖርተብል ሆነ»

ያ መስመር ሜኩን በስታንዳርዱ መሰረት ስራ ይለዋል እንጂ የግኑን ኤክስቴንሽን አይከለክልም፣ % ጽፋችሁ ግኑ ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል። የሚያጋልጠው ሌላ ሜክ ላይ ማስኬድ ነው፣ ቢሜክ ደቢያን ላይ በፓኬጅ አለ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«እንግዲያው ግኑን መጠቀም ስህተት ነው»

ኧረ በፍጹም። ፕሮጀክቱ ግኑ የግድ ከፈለገ ፋይሉን ግኑሜክፋይል (GNUmakefile) ብላችሁ ሰይሙት፣ ግኑ ሜክ ከሁሉም በፊት የሚፈልገው ይሄንን ስም ነው፣ ቢሜክ ደሞ አያየውም፣ ስለዚ ሰውየው የማይገባው ሲንታክስ ኤረር ውስጥ ከመዳከር የሚሰራ ነገር የለም ተብሎ ወደ ሪድሚው ይመለሳል፣ እዛ ላይ ጂሜክ (ፍሪቢኤስዲ ላይ የግኑ ሜክ ስም) ጫን ብላችሁ ጻፉለት። ውስጥ ላይ ሌላ ሜክ ስትጠሩም ስሙን በቀጥታ አትጻፉ፣ የሜክ ቫርያብሉን፣ $(MAKE)ን፣ ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ በጂሜክ የጀመረው ቢልድ መሀል ላይ ቢሜክን ይጠራና እዛው ይሞታል።