ወንዙ ሲዞር ድንበሩም አብሮ ይዞራል?

የኦማሃ ከተማ ያለችው አሜሪካ፣ ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ነው። ከመሃል ከተማ ወደ ኤርፖርት ስትነዱ ግን መንገዱ ለጥቂት ደቂቃ ጎረቤት ግዛት አዮዋ ውስጥ ያስገባችኋል። ወንዝ ሳትሻገሩ! ብዙ ሰው የካርታ ስህተት ይመስለዋል። አይደለም።

የሁለቱ ግዛቶች ድንበር የሚዙሪ ወንዝ መሃል ነበር። ወንዝ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሕጉ የሚጠይቀው እንዴት ተንቀሳቀሰ ብሎ ነው።

እንበልና ማሳችሁ ወንዝ ዳር ነው። ውሃው በየዓመቱ ዳሩን እየሸረሸረ ማዶ ላይ ደለል ቢከምር፣ ድንበሩ ቀስ እያለ አብሮት ይሄዳል። በአንድ ጎርፍ አዲስ ቦይ ቀዶ ቢሄድ ግን ድንበሩ አሮጌው ቦይ ላይ ይቀራል። ደረቅ ቢሆንም እንኳ። ሰው አንድ ሌሊት ተኝቶ ሲነሳ ግዛቱ እንዳይቀየርበት ነው፤ ለእኔ ፍትሐዊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1877 የሆነው ሁለተኛው ነው። ሚዙሪ የራሱን ጥምዝ ቆርጦ ሄደ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 መሬቱ የአዮዋ ነው አለ። ካርተር ሌክ የምትባለው ከተማ ዛሬም ከወንዙ በስተምዕራብ ያለች የአዮዋ ከተማ ናት። ፍርድ ቤቱ አንድ ነገርም ለይቷል፦ ዳሩ ዓይናችን እያየ በፍጥነት ቢናድም፣ ወንዙ አዲስ ቦይ እስካልቀደደ ድረስ ድንበሩ ይከተለዋል።

ይህ መነሻው ነው። ግዛቶች ተስማምተው መስመሩን ሊቀይሩት ይችላሉ፤ አዮዋና ኔብራስካም በ1943 ተስማምተዋል። መሃል መሆኑም የሁሉም ወንዝ ሕግ አይደለም። ኦሃዮ ወንዝ ላይ የኬንታኪ ድንበር ሰሜኑ ዳር ጋ ነው።