ብሎክ፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ኑሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ

«ብሎክ» በእንግሊዝኛ ብዙ ትርጉም ከተሸከሙት ተራ ቃላት አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው በቀን ደጋግሞ የሚያነሳው ቃል ሆኗል። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ላይ «ብሎክ ስንት ነሽ?» ከተባለ የተጠየቀው አድራሻ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ብሎኩ ተሰንጥቋል» ከተባለ የሞተር ነገር ነው፤ «ብሎክ አደረገኝ» ያለች ሴት ደግሞ የምታወራው ስለ ስልኳ ነው። ቃሉ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሰው እጅ ስለገባ፣ እነዚህ ትርጉሞች አማርኛ ውስጥ ዝምድናቸው ጠፍቷል። በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግንድ ማለት የእውነት ግንድ ነው።

ከጉማጅ እስከ መንገድ

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛም ከደች ነው፤ በደች ትርጉሙ የዛፍ ጉማጅ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ማንኛውም ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድና በቀላሉ የማይነቃነቅ ነገር መጠሪያ ሆነ፦ ሥጋ የሚከተፍበት እንጨት፣ አንገት የሚቀላበት ግንድ፣ ባሪያ ለጨረታ የሚቆምበት መድረክ፣ ፊደል ተቀርጾበት የሚታተም ጣውላ። የሚገርመው ይህ የመጀመሪያው ትርጉም ወደ እኛ አልመጣም። የየልኳንዳው መክተፊያ ዱሮም ግንድ ነበር፣ ዛሬም ግንድ ነው፤ ስም ያለው ነገር ስም አይበደርም።

ከባድ ነገር መተላለፊያ ላይ ከተጋደመ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቃሉ መዝጋት፣ ማገድ፣ መከልከል ማለትም ሆነ። ደራሲ ብዕሩ አልንቀሳቀስ ሲለው የሚደርስበትን መዘጋት እንኳ እንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ አጠራሩን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ኤድመንድ በርግለር ነው። መንገድ ላይ ለሚደረግ ፍተሻም እንግሊዝኛው ይህንኑ ይጠቀማል፤ በአዲስ አበባ መውጫዎች ግን ሾፌሩ የሚያውቀው ኬላን ብቻ ነው። በአንድ ወገን የቆሙ አገሮች ስብስብም በእንግሊዝኛ ብሎክ የተባለበት መነሻው ይኸው ሲሆን አማርኛ ጎራ ብሎ ተገላግሏል።

ለከተማ ነዋሪ የሚበጀው ልዩነት በአሜሪካና በብሪታኒያ መካከል ያለው ነው። በአሜሪካ ብሎክ በአራት መንገዶች መካከል የታጠረ መሬት፣ ወይም ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ቀጣዩ ያለ ርቀት ነው። የማንሃተን መንገዶች እ.ኤ.አ. በ1811 በወጣ ፕላን ቀጥ ብለው ስለተሰመሩ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 20 ያህል ብሎክ መሄድ 1.6 ኪሎ ሜትር መሄድ ማለት ነው። በብሪታኒያ ግን ብሎክ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ራሱ ሕንፃው ነው። ኮንዶሚኒየማችን የያዘው የብሪታኒያውን ትርጉም ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «ሦስት ብሎክ ሄደህ ወደ ግራ ታጠፍ» ሲለው ከቱሉ ዲምቱ የሄደው እንግዳ ሦስት ሕንፃ ቆጥሮ ቢታጠፍ አይፈረድበትም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታኒያ አየር ኃይል በአንድ ውርወራ ሙሉ ብሎክ የሚያወድሙ ግዙፍ ቦምቦች ነበሩት፤ የዛሬው «ብሎክበስተር» ፊልም ስሙን የወረሰው ከእነሱ ነው።

ሳይት፣ ብሎክ፣ ወለል

ቃሉ በዳርቻው እንዲህ የገነነው በኮንዶሚኒየም ነው። የከተማው አስተዳደር የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራምን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀምር፣ ሕጋዊ መሠረት የሆነው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነበር። አዋጁ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቤቱ የግል፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ግን የጋራ የሚሆንበትን ሥርዓት ዘረጋ። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች በመሀል ከተማና በአቅራቢያው ቢሠሩም ሰፊ መሬት የተገኘው ዳር ላይ ስለሆነ ፕሮግራሙ ወደዚያው ወጣ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መደቦች ስማቸውን ያገኙት ቆጣቢው በቅድሚያ ከሚከፍለውና ባንክ ከሚያበድረው ድርሻ ነው። አብዛኛው የ20/80 ሕንፃ አሳንሰር የሌለው ጂ ፕላስ ፎር፣ ማለትም ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ያለው ነው፤ አምስተኛው ወለል የደረሰው ባለዕድል የጤፍ ኩንታል በመጣ ቁጥር ዕድሉን መልሶ ይመዝናል።

ዕጣ ሲወጣ ስም ዝርዝሩ አጠገብ ሳይት፣ ብሎክ፣ ወለልና የቤት ቁጥር ይጻፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው «ብሎክ 87፣ ሦስተኛ ፎቅ» ይሆናል። ቁጥሩ በሕንፃው ጎን ላይ በትልቁ በቀለም ይጻፋል፤ ችግሩ ቁጥሮቹ ሁልጊዜ ተከታትለው አለመቆማቸው ነው። ከ40 ቀጥሎ 41 ይመጣል ብሎ የሄደ እንግዳ 112 ፊት ለፊት ሊቆም ይችላል። የራይድ ሾፌር ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብሎኩን፣ ቀጥሎ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሱቅ ወይም ፋርማሲ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያደርሰው የቱ እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

የብሎክ ነዋሪ ኮሚቴ አለው፣ ለጥበቃና ለጽዳት ያዋጣል፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ስለ ሮቶው ይነታረካል፣ አንዳንዱም እቁብ ይጥላል። ለኀዘን፣ ለድግስና ለእርድ ተብሎ የተሠራው ኮሚናል ቤት ብሎኮችን ያገናኛል። ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተው የመጡ ሰዎች ያለፈውን እድራቸውን ሳይለቁ አዲስ የብሎክ እድር ይገባሉ፤ ለሁለቱም የሚከፍል ቤተሰብ ብርቅ አይደለም።

የስም አወጣጡ የድሮውን ሰፈር አይመስልም። ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ የሚሉት ስሞች ውስጥ ሙያም፣ ታሪክም፣ ቀልድም አለ። በዳርቻው ግን ሳይቱ የሚጠራው መሬቱ ላይ ቀድሞ በነበረው የኦሮምኛ ስም ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ውስጡ ሲገባ ያለው ቁጥር ነው። ስሙን ገበሬው፣ ቁጥሩን መሐንዲሱ አወጣው። ነዋሪው በራሱ የሰየመው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ታክሲ መሳፈሪያ ነው።

ብሎኬት ሌላ ነው

ሕንፃው ብሎክ ሲሆን የተሠራበት ደግሞ ብሎኬት ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው የለም። ብሎኬት የመጣው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በጣሊያንኛ ነው፤ የብሎክ ማሳነሻ ነውና ትንሿ ብሎክ እንደማለት ነው። በመሐንዲሶች የሥራ ዝርዝር ውስጥ ኤች ሲ ቢ ተብሎ ይጻፋል፤ መሐሉ ክፍት የሆነ የኮንክሪት ብሎክ ነው።

ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በውፍረቱ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ይባላል። ባለ 10 ክፍል ለማካፈል፣ ባለ 20 ለውጭ ግድግዳ ይመረጣል። ለአንድ ካሬ ግድግዳ 13 ያህል ይበቃል፤ ይህን ሒሳብ ቤት ያሠራ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ድብልቁ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠርና ፑሚስ ነው። ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ የብሎኬቱን ክብደት ይቀንሳል። ማሽኑ እያንቀጠቀጠ ቅርጽ ካወጣለት በኋላ ብሎኬቱ ለቀናት ውሃ መጠጣት አለበት። ዳር ላይ በየሜዳው ተደርድሮ የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም፤ ሲሚንቶው ያነሰና ውሃ ሳይጠግብ የወጣ ብሎኬት ጠርዙ በእጅ ይፈረፈራል። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ካስገኛቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ምርት ነበር።

ጋራዥ፣ ስልክ፣ ሜዳ

የሞተር ብሎክ ሲሊንደሮቹን የሚይዘው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተቀረጸ አካል ነው፤ ላዩ ላይ የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው ቴስታታ ይታሰራል። ሞተር ውሃ ጨርሶ ሲግል ቴስታታ ይጣመማል፤ ብሎክ ከተሰነጠቀ ግን ወጪው ሌላ ነው። የሞተር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ብሎኩ ላይ ስለሚመታና ያው ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ ያገለገለ ብሎክ ገዝቶ የገጠመ ባለመኪና ወረቀቱንም ማስተካከል ይኖርበታል።

በስልክ በኩል የገባው ማገድ የሚለው ትርጉም ነው። ሲም ካርድ ፒን ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋና ፐክ የሚባለውን መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፐኩም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ እስከ መጨረሻው ይሞታል። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሰውን ብሎክ ማድረግ ደግሞ የኩርፊያ ደረጃ ሆኗል። ሽማግሌ ይግባ ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ «መጀመሪያ ብሎኩን ታንሳ» ነው። ብሎክቼይን የተባለው፣ መረጃን በተያያዙ ጥቅሎች የሚመዘግበው ቴክኖሎጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ትምህርት ሚኒስቴር የተማሪዎችን ማስረጃ ሊይዝበት ካርዳኖ ከተባለው የብሎክቼይን መረብ ገንቢዎች ጋር ሲስማማ ዜና ሆኖ ነበር፤ ከመንደር አፍ ግን አልገባም።

በመረብ ኳስ ብሎክ ከመረቡ በላይ ኳስ መመለስ ነው፤ በብሎክ የተነካው ኳስ ቡድኑ ከተፈቀዱለት ሦስት ንክኪዎች አይቆጠርበትም። የአጭር ርቀት ሯጭ እግሩን ደግፎ የሚነሳበት ብሎክ ለኦሊምፒክ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ ሲሆን አገልግሎቱ እስከ 400 ሜትር ላሉ ሩጫዎች ብቻ ነው። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ የሚሠለጥኑት የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ቆመው ስለሚነሱ ይህ ትርጉም ብዙ ቦታ አላገኘም።

የወረዳው ብሎክ

በአስተዳደር ቋንቋ ወረዳ በቀጠና፣ ቀጠናም በብሎክ ይከፈላል። እዚህ ብሎክ ማለት ፎቅ ቤት ሳይሆን የተጎራባች ቤቶች ስብስብ ነው፤ ስለዚህ ቪላና የጭቃ ቤት ያለበት፣ አንድም ኮንዶሚኒየም ያልተሠራበት መንደርም ብሎክ አለው። ስብሰባ፣ ጽዳትና የሰፈር ጥበቃ በዚሁ ይጠራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሁለት ብሎክ ይኖረዋል ማለት ነው፦ አንዱ ግድግዳው ላይ የተጻፈው፣ ሌላው ወረዳው የመደበው። «የብሎክ ስብሰባ አለ» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ስለ ውሃ ፓምፑ ይሁን ስለ ቀጠናው ሰላም የሚያውቀው ላኪውን አይቶ ነው።