ለዌስተርን ስቴትስ ሩጫ ሰው እንዴት ይዘጋጃል?

ዌስተርን ስቴትስ በካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ በየዓመቱ በሰኔ የሚካሄድ የ161 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሯጮቹ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከኦሎምፒክ ቫሊ ይነሳሉ። መጨረሻው ኦበርን ከተማ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሮጫ ሜዳ ነው። የሚሰጣቸው ጊዜ 30 ሰዓት ነው። ከ24 ሰዓት በታች የገባ የብር የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ደግሞ የነሐስ።

መንገዱ ቀድሞ የፈረስ ውድድር መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ጎርዲ አይንስሌይ የተባለ ሰው ከፈረሶቹ ጋር በእግሩ ተነስቶ በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጨረሰ። አሜሪካዊው ሯጭ ጂም ዎልምስሊ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ ርቀት በ14 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሮጦታል።

የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 2,667 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ ለሚሮጥ ሰው ይህ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ጠቅላላ ዳገቱ 5,500 ሜትር ገደማ ሲሆን ቁልቁለቱ 7,000 ሜትር ይደርሳል። ቁልቁለት ስንወርድ የፊት ጭናችን እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል። ያልለመደ ጡንቻ በዚህ ይጎዳል፤ ዳገት ላይ ጎበዝ የነበረ ሯጭ መጨረሻው ላይ መሬት መርገጥ ሲያቅተው ይታያል። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ቁልቁለት የሮጠ እግር ለቀጣዮቹ ሳምንታት ጉዳቱ ይቀንስለታል። ስለዚህ የመጨረሻው ከባድ የቁልቁለት ልምምድ ከውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሩጫው እየተቀነሰ እግር ያርፋል።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። ከጎሃጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ላይ ብርድ፣ ታች እሳት፣ ከዚያ እንደገና ዳገት። እዚህም ሯጮቹ ቀዝቃዛውን ተራራ አልፈው ጥልቅ ሸለቆዎች ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። የደም ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ የልብ ምት ይረጋጋል። ብዙዎች ከሩጫ በኋላ ሳውና ይገባሉ፤ ሌሎች ደርበው ለብሰው ይሮጣሉ። ይህን ብቻን ማድረግ ግን አደገኛ ነው። መለማመዱም በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ ጥር ላይ ሳውና መግባት ለሰኔ አይጠቅምም።

ሆድም ይሠለጥናል። ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። ቤት ቁጭ ብሎ ቀላል ነው። እየሮጡ፣ በዚያ ሙቀት ሲሆን ግን ደም ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ጨጓራ ይዳከማል፤ ማቅለሽለሽም ብዙዎችን ከውድድር ያስወጣል። በረጅም ልምምድ ላይ ያልሞከሩትን ጄል (እየሮጡ የሚወሰድ ወፍራም ጣፋጭ ምግብ) ውድድር ላይ መቅመስ ትልቅ ስህተት ነው። ውሃ ማብዛትም ይጎዳል። የደም ሶዲየም ሲወርድ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

ሳምንታዊው ልምምድ ከማራቶን ብዙም አይርቅም። ለየት የሚለው ቅዳሜ ረጅም፣ እሁድም ደክሞት ሌላ ረጅም መሮጡ ነው። ዳገት በፍጥነት መራመድም ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። እዚህ መራመድ አያሳፍርም፤ አሸናፊዎቹም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ይራመዳሉ። በግንቦት ማብቂያ አዘጋጆቹ የሦስት ቀን የልምምድ ካምፕ ያዘጋጃሉ። በሦስቱ ቀናት ከመንገዱ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ዕድሉን ያገኘ ባያመልጠው እመክራለሁ፤ የሸለቆዎቹን ጠመዝማዛ መንገድ እግር አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ሌሊቱም አለ። 100ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ፎረስትሂል ላይ፣ አጃቢ ሯጭ መያዝ ይፈቀዳል። 125ኛው ላይ ደግሞ ራኪ ቻኪ በሚባለው ቦታ አሜሪካን ሪቨር የተባለውን ወንዝ ገመድ ይዘው ይሻገራሉ፤ ውሃው ሲበዛ በጀልባ። የራሰ እግር ቶሎ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ አስቀድመው ጫማቸውን አርሰው፣ የግንባር ባትሪ አስረው፣ በጨለማ የሚለማመዱ አሉ።