ኮምፒውተርን ዘይት ውስጥ ማጥለቅ

ኮምፒውተርን ዘይት ውስጥ ማጥለቅ ሲባል ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ)፣ ግራፊክስ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ከትቶ ሙቀታቸውን በፈሳሹ ማስወሰድ ነው። ዘዴው እንግዳ አይደለም፤ ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ትራንስፎርመሮችም አብዛኞቹ ዘይት የተሞሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ሱፐርኮምፒውተር ደግሞ ፍሎሪነርት በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። ፍሎሪነርት ግን ለቤት የማይቀመስ ውድ ነው።

ለቤት የሚሆነው ቀለምና ሽታ የሌለው ሚነራል ዘይት ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ፈሳሽ ፓራፊን የሚሉት። የምግብ ዘይትም ያሠራል፤ ሆኖም ውሎ አድሮ ይወፍራል፣ ይከረፋል። ጨውና ማዕድን የተወገደለት (ዲስቲልድ) ውሃ መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ እምብዛም ባያስተላልፍም ከሰሌዳው ላይ ቆሻሻና ጨው እያሟሟ ወዲያው ማስተላለፍ ይጀምራል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተቀዳ ዘይት ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ፈጽሞ አይነካም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይቱ ራሱ የሚያቀዘቅዝ ስለሚመስለው ነው። ዘይት ሙቀትን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም። 40 ሊትር ዘይት (34 ኪሎ ገደማ) በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 65 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ 300 ዋት የሚበላ ከሆነ፣ በገንዳው ግድግዳ የሚወጣው ሙቀት ሳይቆጠር፣ በየሦስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውጤት ያታልላል፤ መለካት ያለበት ከብዙ ሰዓት ሥራ በኋላ ነው።

ሙቀቱን ከቤቱ አየር ጋር የሚያገናኘው ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ ፋን የተገጠመለት ራዲያተር ነው። ፓምፑ ትኩሱን ዘይት ከላይ ስቦ የቀዘቀዘውን ከታች፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ይመልሳል። ዘይት ከውሃ ስለሚወፍር ደካማ ፓምፕና ቀጭን ቱቦ አይሆኑም። በመመለሻው ቱቦ ላይ ከዘይቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ቀዳዳ መብሳት ይበጃል፦ ውጭ ያለው ቱቦ ቢፈታ በቀዳዳዋ አየር ገብቶ የዘይቱን መሳብ ስለሚያቋርጥ የገንዳው ዘይት በሙሉ ቤቱ ወለል ላይ ከመፍሰስ ይድናል።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው የመረጃ ማከማቻ) ይጠልቃል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው ዘይት ገብቶ ያበላሸዋል፤ ውጭ ይቀመጥ። የፕሮሰሰሩ ፋን ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢዞርም ዘይቱን ስለሚያንቀሳቅስ ይጠቅማል። ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ተራ ቅባት በጊዜ ብዛት ሊታጠብ ስለሚችል የኢንዲየም (ለስላሳ ብረት) ስስ ቅጠል ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያስመርረው የዘይቱ መውጣት ነው። በኬብሉ ሽቦዎች መካከል ሽቅብ ይሳብና በሌላው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ኪቦርድ ላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። መፍትሔው የዩኤስቢና የስክሪን መሰኪያዎች ወደ ላይ ዞረው ከዘይቱ በላይ እንዲቀሩ ማድረግ ነው። የኬብሉ ፕላስቲክም ማለስለሻውን ዘይቱ ስለሚወስድበት እየደረቀ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ጎማ ደግሞ ያብጣል። የውሃ ጠብታ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ሰርጎ ሰሌዳ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ክዳን ያስፈልጋል።

ዕቃ መቀየር ሲመጣ ማዘርቦርዱ ከገንዳው በላይ ተሰቅሎ ቢያንስ አንድ ቀን ይንጠፈጠፋል። ያም ሆኖ ከሶኬትና ከመሰኪያ ውስጥ ዘይቱ ጨርሶ አይወጣም፤ ዋስትናውም ዕቃው በጠለቀ ዕለት ያበቃል።