የበረዶ ሆኪ ስንጫወት ፊታችንን በምን እንሸፍን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እኛ የምንጫወተው ለመዝናናት ነው፤ ሩጫችንም ዝግ ያለ ነው፤ ሄልሜት ብቻ ይበቃናል።»

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ ልቤ ይደነግጣል። ፓኩ፣ ማለትም በዱላ የሚመታው ዝርግ ክብ ነገር፣ ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው፤ እሱ ራሱ ያስፈራል። ጀማሪዎች መሀል ግን ከፓኩ ይልቅ የምሰጋው ዱላውን ነው። በረዶው ያንሸራተተው ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ እጁን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ዱላው አብሮ ይነሳና ጫፉ አጠገቡ ያለው ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ዱላውን በቅጡ መቆጣጠር ያልቻለ ሰው የሚበዛው ደግሞ እኛ ዘንድ ነው።

«የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) ተጫዋቾች እንኳ የሚያደርጉት ግማሽ ቫይዘር (ሄልሜቱ ላይ የሚገጠም አጭር ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ነው።»

አዎ፣ አብዛኞቹ። እዚያም የደረሱት ብዙ ዓይን ከተጎዳ በኋላ ነው። የሊጉ ተጫዋች ብራያን ቤራርድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 ኦታዋ ላይ ሲጫወት የዱላ ጫፍ ቀኝ ዓይኑን መትቶት አብዛኛውን የዓይኑን ብርሃን አጣ። ሊጉ ቫይዘርን ለአዳዲስ ተጫዋቾች ግዴታ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ግማሽ ቫይዘር ዓይንን ይከልላል፤ አፍ፣ ጥርስና አገጭ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ከታች ሽቅብ የመጣ ዱላም በጠርዙ ስር ሊገባ ይችላል።

«ፊትን ሙሉ መሸፈን አንገትንና ጭንቅላትን ለጉዳት ያጋልጣል።»

በካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ሙሉውን የፊት መሸፈኛ ከግማሹ አነጻጽሯል። በአንገት ጉዳትም ሆነ በአንጎል መናወጥ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የፊትና የጥርስ ጉዳት ግን ግማሽ ባደረጉት ላይ በጣም በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ሙሉ መሸፈኛ የአንጎል መናወጥን ያስቀራል ብላችሁም አትመኑ፤ ሥራው ፊትን መጠበቅ ነው።

«ሽቦው እይታን ይጋርዳል።»

ሙሉ መሸፈኛ ወይ የሽቦ መረብ ነው ወይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽቦው ይታያችኋል፤ ከዚያ ዓይን ይለምደውና አሻግሮ ማየት ይጀምራል። ጥርት ያለው ፕላስቲክ ያለ ጥርጥር የተሻለ ያሳያል፤ ነገር ግን በትንፋሽ ይደበዝዛል፣ ቦርሳ ውስጥም ቶሎ ይጫጫራል። ፕላስቲክ የመረጠ ሰው ጉም መከላከያ ፈሳሽ ይቀባው፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዘው። መነጽር ለሚያደርግና ለጀማሪ ግን እኔ የምመክረው ሽቦውን ነው፤ አየር እንደ ልብ ያስገባል።

«የትኛውም ሽቦ ለየትኛውም ሄልሜት ይሆናል።»

አይሆንም። ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና ግጠሙት። የአገጭ ማረፊያው አገጭ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ሽቦውን በመዳፍ ወደ ፊታችሁ ግፉት፤ አፍንጫችሁን ከነካ ሌላ ሞክሩ። አሜሪካ ውስጥ የኤችኢሲሲ፣ ካናዳ ውስጥ የሲኤስኤ የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት እንዳለው አረጋግጡ። የጎበጠ ሽቦ ወይም የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።