«ቫርኒሹ ፎርጅድ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ እርጥበትና ስለሚረጭ ቀለም የሚወሩ ስህተቶች

ሞዴል (የአውሮፕላንና የባቡር ትንንሽ ቅጂ) የሚሠሩ ጓደኞቼ መጨረሻ ላይ ስለሚረጩት መከላከያ ሽፋን፣ ስለ ቫርኒሽ፣ ይደውሉልኛል። «ቫርኒሹ ፎርጅድ ነው፣ አውሮፕላኔን ነጭ አደረገብኝ!» መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ «ስትረጭ አየሩ እንዴት ነበር?» ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ «ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር» ይመጣል። ይህን ወሬ መድገም ስለሰለቸኝ ልጻፈው።

«ነጭ ጉም ከጣለ ቫርኒሹ ተበላሽቷል»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ስንት ደህና የቫርኒሽ መርጫ ቆርቆሮ ተጥሎበታል። ሳኒታይዘር እጃችሁ ላይ ስታፈሱ ቅዝቃዜ ይሰማችኋል አይደል? ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የላከር ቫርኒሽም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያለው ቲነር (ማቅጠኛ ፈሳሽ) በፍጥነት ሲተን የሞዴሉን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝም ቅዝቃዜ ይጨምራል። ገጹ በቂ ከቀዘቀዘ ጠዋት ሣር ላይ እንደምናየው ጤዛ ይይዛል። ውሃው ገና ባልደረቀው ቫርኒሽ ውስጥ ይታፈንና ነጭ ሆኖ ይታያል።

ለስሌቱ ቀላል ዘዴ አለ። የእርጥበት መለኪያችሁ ከ50 በመቶ በላይ ካሳየ ቁጥሩን ከ100 ቀንሱና ለ5 አካፍሉት። ጤዛ ለመያዝ ገጹ በስንት ዲግሪ መቀዝቀዝ እንዳለበት በግምት ይነግራችኋል። እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን 19 ላይ ጤዛ ይጀምራል ማለት ነው። በ50 በመቶ ግን 10 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ይህ የሚሠራው ሞዴሉና ክፍሉ እኩል ሙቀት ሲኖራቸው ነው። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት አምጥታችሁ ወዲያው ከረጫችሁበት ግማሹን መንገድ አስቀድማችሁ ሄዳችኋል። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ይቆይ።

አንድ ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ሠርቼ ነበር። የመጨረሻውን ቫርኒሽ በዝናባማ ማታ ረጨሁት። ነጩ ከቦይለሩ ጎን ጀመረ፤ መስታወት ላይ የተተነፈሰ ይመስል ነበር። ሳልነካው ተውኩት። ከአራት ቀን በኋላ፣ በደረቅ ከሰዓት፣ ከዚያው ቆርቆሮ ስስ አድርጌ ደገምኩበት። ቲነሩ የደረቀውን ቫርኒሽ መልሶ አለሰለሰው፤ የታፈነው ውሃ መውጫ አገኘ። ዓይኔ እያየ ጥቁሩ ተመለሰ። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም ነበር።

በእርግጥ ነጭ ሁሉ ከእርጥበት አይመጣም። ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ በደንብ ሳይናወጥ ከተረጨ ማት የሚያደርገው ዱቄት ተከማችቶ ያነጣል። ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አናውጡት።

«ቶሎ እንዲሸፍን ወፈር አድርጌ ልርጨው»

በፍጹም! ወፍራም ንብርብር ብዙ ቲነር ይይዛል፣ የበለጠ ያቀዘቅዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስስ እያደረጋችሁ፣ በመሃል እየጠበቃችሁ ርጩ።

«የውሃ ማጣሪያ ገጥሜያለሁ፣ እርጥበት አይነካኝም»

የኮምፕረሰር (የአየር መጭመቂያ) ማጣሪያ የሚይዘው ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ነው። አየር ታምቆ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይጥላል፤ ኤርብራሹ (በአየር ቀለም የሚረጨው ብዕር መሳይ መሣሪያ) ድንገት ጠብታ የሚተፋው ለዚህ ነው። ማጣሪያው ግዴታ ነው። የክፍሉን አየር ግን አያደርቅም፤ ሞዴሉ የተቀመጠው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ነው።

«አየሩ በደረቀ ቁጥር ይሻላል»

በአክሪሊክ (ቶሎ በሚደርቅ፣ በውሃ በሚቀጥን ቀለም) የሚሠራ ሰው ይህን ካመነ ወየው ለኤርብራሹ። በጣም ደረቅ አየር ላይ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ይጋገራል። የሚረጨውም ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። «ፕራይመሬን (ከቀለም በፊት የሚረጨውን ሽፋን) እርጥበት አሻከረብኝ» የሚሉኝ ብዙዎች ከሩቅ፣ በደረቅና ሞቃት አየር የረጩ ናቸው። ጠጋ በሉ፣ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽም ጠብ አድርጉበት። ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው እርጥበት ለእኔ ምርጡ ነው።

«በውሃ የሚቀጥን ቀለም እርጥበት አይጎዳውም»

ነጭ ጉሙ እምብዛም ነው። ግን ውሃው የሚተንበት ቦታ ስለሚያጣ በጣም ዘግይቶ ይደርቃል። በሌላው ቀን 20 ደቂቃ የጠበቃችሁትን ሁለት ሰዓት ጠብቁ።

«ቆርቆሮው እንዲሞቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ማስገባት ነው»

አደጋ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። ቆርቆሮው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁ ተብሎ ተጽፏል። ለብ ያለ ውሃ፣ እጃችሁ በምቾት የሚቆይበት፣ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ምድጃ አጠገብ እንዳታደርሱት።

ከተጠራጠራችሁ ጥቁር የፕላስቲክ ማንኪያ ውሰዱና መጀመሪያ እሱ ላይ ርጩ። አሥር ደቂቃ ጠብቁና ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ማንኪያው ከነጣ ሞዴሉን ወደ ሳጥኑ መልሱት፤ ነገም ቀን ነው።